በቀን የሚቆለፍ በር

የሰፈሩ ሰው ከኋላዋ «መብረቅ» ይላታል፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ነው። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ የተቃጠለ ዘይት የደፋን ሾፌር ሙልጭ አድርጋ ስትሰድብ ሰምቶ፣ «ዝናብ የለ፣ ደመና የለ፣ ይሄ መብረቅ ከየት መጣ?» አለና ስሙ እዚያው ተለጠፈባት። እሷም ታውቃለች። «ይበሉኝ፤ ቢያንስ ሲያዩኝ ቀስ ብለው ይነዳሉ» ትላለች።

እናትና አባቷን በልጅነቷ አጥታ አክስቷ ቤት ያደገች ናት። አክስቷ ክፉ አልነበረችም፤ ግን ቤቱ ልጅ የበዛበት ነበርና ዝም ያለ ልጅ ሳይበላ ያድር ነበር። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መጠየቅ የለመደችው ያኔ ነው። ገና ልጃገረድ ሳለች ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠረች፤ ፀጉሯ እስኪሸብት ከዚያ አልወጣችም። ማሽኖቹ ሲያጓሩ ሰውና ሰው የሚግባባው በጩኸት ነው። ቤቷ ስትገባም ድምፅዋን መቀነስ ትረሳለች። ባሏ ፈገግ ይልና «ማሽኑ ጠፍቷል እኮ» ይላታል።

ባሏ በያጅ ነው። የተዋወቁትም በጩኸት ነው። የልብስ ማመላለሻው ጋሪ እግሩ ተሰብሮ እንዲበይድ ቢጠራ አርፍዶ መጣ፤ እርጥብ አንሶላ ተሸክማ ስትመላለስ የዋለችው እሷም ያፏን ሁሉ አወረደችበት። ሰውየው አንዲት ቃል ሳይመልስ ጋሪውን በይዶ ሄደ። በማግስቱ «ብየዳው ይዞ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» ብሎ ተመልሶ መጣ። ብየዳው ይዞ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እየመጣ አየው። እንዲህ ሆነው ተጋቡ፤ እሷ የሁለቱንም ንግግር ትናገራለች፣ እሱ የሁለቱንም ዝምታ ዝም ይላል። ፈጣሪ ልጅ አልሰጣቸውም። ለሰፈሩ ልጆች የብስክሌት ፔዳል፣ ለእናቶቻቸው የድስት እጀታ በነፃ ሳይበይድ የሚውልበት ቀን ግን አልነበረም።

የሚኖሩባት መንገድ አጭር ናት። ባንድ ወገን ከዋናው ጎዳና ትገባለች፤ በሌላው ወገን ግንብ ይዘጋታል። በሁለት ቤቶች ግድግዳ መካከል ብቻ አንድ ሰው በጎኑ ሆኖ የሚሾልክበት ቀጭን መተላለፊያ ወደ ጀርባው መንገድ ያወጣል። የዚያን ዓመት በጋ ሙቀቱ የማይቻል ሆነ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ጥላ ፍለጋ ከግድግዳ ግድግዳ ይዞራሉ፤ አየር ይግባ ብሎ መስኮቱን የማይከፍት ቤት የለም። ሌባም ይህንኑ አየ። ገሚሱ ሰው ሥራ ሲሄድ፣ የቀረው ደግሞ ሙቀት አዝሎት ቀትር ላይ ሲያሸልብ፣ በተከፈተው መስኮት እየገባ የአንዷን ቴሌቪዥን፣ የሌላውን የጋዝ ሲሊንደር፣ የፀጉር አስተካካዩን መቁረጫ ማሽን ሳይቀር ይዞ ይሄዳል።

የሰፈር ደኅንነት ኮሚቴ የተቋቋመው በዚህ ጊዜ ነው። ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ነው፤ ከተማ መሀል ሰፊ ሱቅ ያለው፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ፣ «እኛው ለእኛው ዘብ ካልቆምን ማን ይቆምልናል?» ብሎ ስብሰባ የሚያስጨበጭብ ሰው። የመንገዷ መግቢያ ላይ የብረት በር ይቁም ተባለ። ብረቱን ሰፈሩ አዋጣ፤ ጉልበቱን በያጁ በነፃ ሰጠ።

ለዚያ በር ያላደረገው የለም። የደንበኞቹን ሥራ ጨረስ ሲያደርግ ወደ በሩ ነው። ከላይ እንደ ጦር የሾሉ ብረቶች ደረደረለት። ጓጉንቸሩ በመዶሻ እንዳይመታ ብሎ በወፍራም ላሜራ ሳጥን ውስጥ ሸሸገው፤ እጁን አስገብቶ በቁልፍ ከሚከፍተው ሰው በቀር ማንም አይነካውም። «መድፍ ቢመጣ አይከፍተውም» አለ። ባሏ እንዲህ ተኩራርቶ ሲናገር ሰምታ አታውቅም። በሩ የተመረቀ ዕለት ሰፈሩ ወጥቶ አጨበጨበ። እሷም አጨብጭባለች፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የተሰማው የእሷ ጭብጨባ ነው።

መጀመሪያ ቁልፉ ለየቤቱ ታድሎ ነበር። ከዚያ የአንዱ ቤት ቁልፍ ጠፋ፤ ሌባ እጅ ገብቷል ተብሎ ጓጉንቸሩ ተቀየረ። አዲሱ ቁልፍ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ገባ። ጠዋት ሥራ ወጪው እስኪወጣ ይከፍታል፣ ቆልፎ ሱቁ ይሄዳል፣ አመሻሽ ላይ ተመልሶ ይከፍታል። በመሀል መውጣት መግባት የፈለገ በመተላለፊያው ይሹለክ ተባለ።

የጠዋት ፈረቃ የምትሠራው መብረቅ ቤቷ የምትመለሰው በዚያ በተቆለፈ ሰዓት ነው። ከማለዳ ጀምሮ ሲሚንቶ ላይ የቆመ እግሯን እየጎተተች፣ የገዛችውን አትክልት ከራሷ በላይ አንሥታ፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ በግድግዳና ግድግዳ መሀል ትሾልካለች። መጀመሪያ የሾለከች ዕለት ሊቀመንበሩ ቤት ሄደች።

«ቁልፉ ለምን አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይገባል?» አለችው።

«ለደኅንነታችን ነው፣ እህቴ።»

«እሳት ቢነሣስ? ሰው ቢታመምስ?»

«ስልኬ ሁሌ ክፍት ነው። የቸገረሽ ቀን ደውይልኝ፤ ሱቅ ዘግቼ እመጣለሁ» አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ቃሉን ይዛ ደወለችለት። በተቆለፈባት ቁጥር ደወለች። አትክልቱ ሲጠነዛም፣ ጎረቤት ነፍሰ ጡር መተላለፊያው መሀል ስትጣበቅም፣ የውኃ ቦቴ መግባት አቅቶት ሲመለስም ደወለች። የምትለው ነገር ልክ ነበር፤ አባባሏ ግን የማሽን ቤት አባባል ነው። ሊቀመንበሩ ስልኩን ከጆሮው አርቆ እንደሚያዳምጣት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሱቁ የሚገባ ሰው አይቶ ለሌላው አውርቶታል። ባሏም ቢሆን አልደገፋት። «አንቺ ደግሞ ከበር ጋር ትጣያለሽ» ብሎ ሳቀባት።

ያን ቀን ከማድረቂያው ትኩስ አንሶላ እያወጣች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ፀጉር አስተካካዩ ነው።

«እትዬ፣ ጋሼ ወድቋል። ብየዳ ቤቱ በር ላይ። ያናግረኛል ግን አይገባኝም፤ አፉ ባንድ በኩል ጠመም ብሏል።»

ነገሩ ምን እንደሆነ ለመረዳት ሐኪም መሆን አላስፈለጋትም፤ ሆስፒታል ውስጥ ነው ያረጀችው። አንሶላውን መሬት ላይ ጥላ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጠች። የአምቡላንሱ ሾፌር ያውቃታል። ፊቷን አይቶ አልጠየቃትም፤ «ግቢ» ብቻ አላት። አንዲት ነርስም ከኋላ ዘለለች። ጎዳናውን እያስጮኹት ከነፉ፤ በዚያ ሙቀት ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ ተሸጉጦ ነበርና መንገዱ ባዶ ነው። «ደረስንለት» አለ ሾፌሩ።

ደረሱና በሩ ፊት ቆሙ።

ወርዳ ብረቱን ጨበጠች፤ ፀሐይ ስላነደደው መዳፏን ለበለባት፣ አልለቀቀችውም። በብረቶቹ መሀል ባሏ ይታያታል። ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ ፀጉር አስተካካዩ ካርቶን ከልሎለት ተንበርክኳል። አንድ እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ አንዱ አይንቀሳቀስም። ደወለች። የሊቀመንበሩ ስልክ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች። ጠራ፣ ተቋረጠ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር የደወሉላቸው ሰው ስልክ ዝግ ነው የምትለው ሴት ድምፅ መጣ።

ፀጉር አስተካካዩ መዶሻ ይዞ እየሮጠ መጣና የጓጉንቸሩን ሳጥን ይቀጠቅጠው ጀመር። ሳጥኑ እንደ ደወል ጮኸ እንጂ አልተበገረም። ባሏ እንደተናገረው ሆነ። ብረት መቁረጫው ግራይንደር እዚያው ብየዳ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ለማንም ትዝ አላለውም። ለእሷም ጭምር። ኋላ ላይ ከሁሉ ይበልጥ አንጀቷን ያሳረራት ይኸው ነው።

እሷና ነርሷ በጀርባው መንገድ ዞረው በመተላለፊያው ገቡ። ቃሬዛው አልገባ አለ። ባሏን በአንሶላ ጠቅልለው፣ ፀጉር አስተካካዩ ከትከሻው፣ ሁለቱ ሴቶች ከእግሩ ይዘው፣ በጎን በጎናቸው እየተራመዱ በግድግዳዎቹ መሀል አወጡት። ግንቡ ትከሻውን እየፋቀው ሲያልፍ ሰውየው ዓይኑን ተክሎባት ነበር። አምቡላንሱ ሰፈሩን ዞሮ፣ የገበያውን ግርግር ሰንጥቆ እስኪያገኛቸው ድረስ ፀሐይ ላይ ይዘውት ቆሙ።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን» ብሎ ጀመረና ተወው። ባሏ ተረፈ። ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች የሌላ ሰው እጅ ሆነ፤ ምላሱም ቃል ለማውጣት እንደ ዛገ ቡሎን ይታገል ጀመር።

ኮሚቴው ብርቱካንና ጭማቂ ይዞ ሊጠይቅ መጣ። ሊቀመንበሩ አልጋው ጠርዝ ላይ ቆሞ «ፈጣሪ ማረልን» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ዞር ብሎ፣ «ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነው እኮ» አላት። ባሏ በዓይኑ ለመናት። ጥርሷን ነክሳ ፌስታሉን አነሣችና ለሰውየው መልሳ አስጨበጠችው።

«እዚህ ምግብ ይሰጣሉ» አለች።

ከሆስፒታል ያወጣችው ዕለት ታክሲው በሩ ላይ ሲደርስ ቀትር ነበር። በሩ ተቆልፏል። ለአንድ አፍታ ዓይኗን አላመነችም። ፀጉር አስተካካዩ እጁ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ እየሮጠ መጥቶ ከፈተላቸው፤ ከአደጋው በኋላ ኮሚቴው ተሰብስቦ ትርፍ ቁልፍ ለእሱ እንዲሰጥ ወስኗል። «ማሻሻያ ተደርጓል» አላት እያፈረ።

«አንድ ኪስ የነበረው ሁለት ኪስ ሆነ» አለችና ባሏን ደግፋ ገባች።

ባሏ አለመናደዱ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ሆነባት። ሰውየው ወንበሩን ደጃፍ ላይ አስወጥቶ ቀኑን ሙሉ በሩን ያያል። ልጆች ሲንጠላጠሉበት እንኳ ግራ እጁን አንሥቶ ይገሥጻል። አንድ ቀን ሾርባ እያጠጣችው አልቻለችም።

«እስቲ አንድ ቀን ተቆጣ» አለችው። «ለእኔ ብለህ እንኳ ተቆጣ። ያ ሰውዬ እጅህን ነው የቆለፈብህ።»

«በሩ... ምን... አደረገ?» አለ። ቃሉን ጨርሶ እስኪያወጣ ጠበቀችው። «ጥሩ... በር ነው።»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ጥላ ጓሮ ወጣች፤ የታጠበውን ድስት ሁሉ እንደገና አጠበች። የሰፈሩ ሰው በዚያ ቀን የሰማው የድስት መንጋጋት ከመብረቅ አያንስም። በኋላ ስታስበው ግን ገባት፤ ያ በር የባሏ ቀኝ እጅ የሠራው የመጨረሻ ሥራ ነው። ገባትና ይበልጥ ተናደደች።

ስብሰባ ይጠራልኝ ብላ ወተወተች፤ በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተጠራ። ሰው በጋዜጣና በካርቶን ራሱን እያራገበ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ ስለ ሰፈሩ ሰላም ረዘም ያለ ንግግር አደረገና ዕድሉን ሰጣት። ተነሣች። ያን ዕለት ግን አልጮኸችም፤ ጎረቤቶቿን ያስደነገጣቸውም ይኸው ነው።

«ስልኬ ሁሌ ክፍት ነው ብለውኝ ነበር» አለች። «ደወልኩ። ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ ዘጉት። ድምፁ ጠፍቶ ነው ያሉኝ ውሸት ነው። ድምፁ የጠፋ ስልክ ራሱን በራሱ አይዘጋም።»

ሊቀመንበሩ አቀረቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እሺ፣ እውነቱን ልናገር» አለ። «ቁጥርሽን አይቻለሁ። ደንበኛ ፊት ነበርኩ። በየቀኑ እየደወልሽ ትጮሂብኛለሽ። እንደ ልማድሽ ልትጨቃጨቂኝ መስሎኝ ዘጋሁት። ሰው ታሞ እንደሆነ በምን ልወቅ? አንቺ ዘንድ ሁሌም እሳት ተነሥቷል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳያስበው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። እሷ ፊቷ ላይ በጥፊ የተመታች ያህል ተሰማት። ምክንያቱም ውሸት አልነበረም። ለአትክልቱም ለቦቴውም በዚያው ድምፅ ነበር የጮኸችው። ከዚያ ግን ንዴቷ ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ወጣ።

«ስጮህ የከረምኩት ያ ቀን እንዳይመጣ ነው» አለች። «መጣ። አንተ ደግሞ ቁልፉን ኪስህ ስትከት ጩኸቴንም አብረህ ተቀብለሃል። ደውይ ያልከኝ አንተ ነህ። አንተ።»

«እርስዎ» ሲባል የኖረ ሰው በሰፈሩ ፊት «አንተ» ሲባል ዛፉ ሥር የነበረው ካርቶን ሁሉ መራገቡን አቆመ። ሊቀመንበሩ ቀላ። የመለሱት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ የድስታቸውን እጀታ በያጁ ስንት ጊዜ የበየደላቸው። «ልጄ፣ ያንቺስ ያሳዝናል» አሉ። «ግን እኮ ሌባው ቀርቷል።» ሰውም ራሱን ነቀነቀ። ጉዳዩ በኮሚቴ ይጠና ተብሎ ስብሰባው ተበተነ። ወንበሩን ሲሰበስቡ ማንም ዓይኗን አላየም።

በማግስቱ ፈቃድ ወስዳ ቤት ዋለች። በሩ ሲቆለፍ ጠበቀች። ከዚያ ብየዳ ቤት ገብታ ግራይንደሩን አወጣች። ባሏ ወንበሩ ላይ ሆኖ አያት።

«ምን... ልታደርጊ?»

«የምታየውን።»

እንዳያስቆመኝ ብላ ገመዱን በችኮላ እየፈታች ሳለ ባሏ፣ «መነጽር» አላት።

መነጽሩን አጠለቀች። ገመዱ ሲያጥርባት ፀጉር አስተካካዩ ማራዘሚያውን በሱቁ ሶኬት ላይ ሰካላት። ባሏን ለዘመናት ስታየው ኖራለች እንጂ መሣሪያውን በእጇ ይዛው አታውቅም። ሲነሣ ክንዷን አንገጫገጨው። የጓጉንቸሩን ሳጥን ያዘችው፤ የእሳት ፍንጣሪ ቀሚሷ ላይ ዘነበ፣ ዲስኩ ጮኸ፣ ላሜራው ግን ጭረት ብቻ ሆነ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። «ተዪ እንጂ» የሚል አለ፤ ሊቀመንበሩ ጋ የሚደውል አለ፤ ለዚያ ስልኩን ወዲያው አነሣ። እሷ እያለቀሰች ትቆርጣለች፤ ዓይኗ በመነጽሩ ስለተሸፈነ እንባዋ ላብ የመሰላቸው ብዙ ናቸው።

ከኋላዋ የምርኩዝ ድምፅ ሰማች። ባሏ እግሩን እየጎተተ መጥቷል።

«ሳጥኑን... ተይው» አላት። «ማጠፊያውን።»

ዞራ አየችው። የፈገግታውን ግማሽ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። በግራ እጁ የላይኛውን ማጠፊያ አሳያት፤ ከዚያ የታችኛውን። ዲስኩን አጣማ ስትይዝ በምርኩዙ ክንዷን ነካ ያደርጋል፤ ስታስተካክል ይተዋል። የበሩ አንድ ክንፍ ሲወድቅ መሬቷ ተንቀጠቀጠች።

ሊቀመንበሩ ፖሊስ ይዞ ደረሰ። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ የወደቀውን ብረት ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄን በር ማን ሠራው?»

«እኔ» አለ ባሏ።

«ማን ቆረጠው?»

«ሚስቴ።»

ፖሊሱ ሳቁን ለመዋጥ ታገለ። ከዚያ ሊቀመንበሩን፣ «መንገዱን ለመዝጋትስ ፈቃድ የሰጣችሁ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሊቀመንበሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ፈቃድ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። ፖሊሱ ብረቱን ከመንገድ ላይ አንሡ ብሏቸው ሄደ።

ነገሩ በዚያ አማረ ማለት አይደለም። ብዙም ሳይቆይ የአሮጊቷ ቬንትሌተር በመስኮት ተሰረቀ። ጣት ሁሉ ወደ መብረቅ ዞረ። ሰላምታ የነፈጓት ነበሩ፤ እሷም አልለመነቻቸውም። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ወሬ ቀጥ የሚልባቸው ቀናት ነበሩ። ፀጉር አስተካካዩ ግን ሁለት ወንበር አወጣና በሩ በነበረበት መግቢያ፣ ግድግዳው ጥላ ሥር አስቀመጠ። መጀመሪያ ብቻውን ተቀመጠ። በማግስቱ አንድ ጡረተኛ ከጎኑ ተቀመጠ። ቀስ በቀስ ቀትር ላይ ሁለት ሁለት ሰው በተራ መቀመጥ ልማድ ሆነ፤ ሌባውም ዓይን ሲበዛበት ሌላ ሰፈር ሄደ መሰለኝ፣ በጋው እስኪያልቅ አልታየም።

ሊቀመንበሩ ከሥልጣኑ አልወረደም። ባሏን ይቅርታ ጠይቆታል፤ ያውም እጁን ይዞ። እሷን ግን አልጠየቃትም፤ ምናልባት ፈርቷት ነው። እሷም ብትጠየቅ ምን እንደምትመልስ አታውቅም።

አንድ ቀን ተራው ባሏና ሊቀመንበሩ ላይ ወደቀ። ልቀይርልህ ብትለው ባሏ እምቢ አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከደጃፏ ታያቸዋለች፤ ያ ሰውዬ አንድ ነገር ያወራል፣ ባሏ በጠመመው አፉ ይስቃል። ደሟ ፈላ። ቀዝቃዛ ውኃ በብርጭቆ ቀድታ ሄደችና ለባሏ ሰጠችው።

«ለእሱስ?» አላት ባሏ። ንግግሩ መፈታት ጀምሯል።

«እግር አለው። ቤቱ ሄዶ ይጠጣ።»

ባሏ ግማሹን ጠጣና ብርጭቆውን በግራ እጁ ለሊቀመንበሩ አቀበለው። ሰውየው ወደ እሷ ሳያይ ጠጣ። እሷ እዚያው ቆማ፣ ክንዷን አጣምራ፣ እስኪጨርስ ጠበቀች። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጁ ነጥቃ ገባች።